በጠመኔ የተማርነው ክላውድ

ከዓረብ አገር እንደተመለስኩ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ገባሁ። የሰው ቤት ስጠርግ የኖርኩባቸውን ዓመታት የሚያስረሳኝ ትምህርት ፈልጌ ነበር፤ ኔትወርክና ክላውድ ኮምፒውቲንግ መረጥኩ።

መምህራችን ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። "ክላውድ ስሙ ደመና ነው እንጂ ነገሩ መሬት ላይ ነው" አለን። "ሥራችሁን ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣችሁ፣ በኢንተርኔት ከየትም ሆናችሁ መሥራት ማለት ነው።" ከየትም ሆኖ ከተሠራማ ዳግመኛ አልሰደድም ብዬ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ በክልሉ ጦርነት ተነሥቶ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ዛሬ ነገ ይመለሳል ስንል ወራት አለፉ። መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ በኮምፒውተሩ ላይ ልናየው የሚገባንን በሰሌዳው ይሥልልን ጀመር። "እዚህ ስትጫኑ ይህ ገጽ ይመጣል" ይላል። እኛም የማይመጣውን ገጽ እንገለብጣለን።

አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ገሳይ ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዟ። አንድ ቀን እጇን አወጣችና፣

"መምህር፣ በተግባር መቼ ነው የሚያሳዩን?" አለችው።

ጠመኔውን አስቀመጠ። "እኔም አላውቅም" አለ።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

የመመረቂያ ሥራችን ሲደርስ መምህሩ ራሱ ባሕር ዳር ሊወስደን ተነሣ። እዚያ ኢንተርኔት ያለበት መሥሪያ ቤት ወዳጅ ነበረው። ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ቆመ። መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። የገበያ ቀን ነበር፤ ገበሬው እህሉን ሳይሸጥ አህያውን እየነዳ ይመለሳል። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። መምህሩ ላፕቶፑን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"በደልኳችሁ" አለን።

"እርስዎ ምን በደሉን?"

"የሌለ ነገር አስተማርኳችሁ።"

መንገዱ ሳይከፈት መሸ። ወደ ደብረ ታቦር ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ የገሳይዋ ልጅ ትምህርቱን ተወች። የተከራየችው ክፍል ብሄድ ሻንጣ ስታሰናዳ አገኘኋት። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። የደረሰብኝን ነገርኳት፤ ስልኬን እንደነጠቁኝ፣ በር ቆልፈውብኝ ይወጡ እንደነበር፣ ሌላም፣ ለእናቴ እንኳ ያላወራሁትን።

"እህቴ፣ አትሂጂ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "እሺ፣ ቀርቼስ ምን ልሁን?"

ቁጭ ብዬ ልብሷን አብሬያት አጠፍኩ። ከሄደች በኋላ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የመመረቂያ ሥራዬን በወረቀት ላይ ሠርቼ ተመረቅሁ። አባቴ ከጉና ተራራ ሥር በእግራቸው መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ።

"እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ልጄ። እንግዲህ ሥራው የት ነው?"

"ገና ነው አባባ። ሲገኝ እነግርዎታለሁ።"

"ተመስገን" አሉ። አገር ቤት ገብተው ልጄ ትልቅ ሰው ሆነች እያሉ እንዳወሩ ሰማሁ።

አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ ሥራ ግን ይዞልኝ አልመጣም። ከሚመጡት ብዙዎቹ ፓስፖርት ለማውጣት መታወቂያቸውን ኮፒ የሚያስደርጉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠይቃቸውም። ወረቀቱ እንደሞቀ አነሣና እሰጣቸዋለሁ።