ትንፋሼን ይዤ የቋጠርኩት ክር

ቡታጅራ እኛ ቤት የመስቀል ቀሚስ ልክ የሚላከው በክር ነው። ነሐሴ ሲጋመስ እናቴ ነጭ ክር ታመጣና ወገቤ ላይ ታዞራለች፤ የገጠመበት ላይ ትቋጥርና በወረቀት ጠቅልላ፣ መርካቶ ጨርቅ ቤት ተቀጥራ ለምትሠራው ታላቅ እህቴ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ትልካለች። እህቴ እዚያው አሰፍታው ለበዓሉ ይዛልኝ ትመጣለች። ስልክ እያለ ክር ምን ያደርጋል ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። የእናቴ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ በቁጥር ሰው ይሳሳታል፣ ክር ግን አይሳሳትም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ክሩን አሳሳትኩት።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ ስልክ ላይ የምናያቸው ሴቶች ሁሉ ወገባቸው በአንድ እጅ የሚጨበጥ ነበር። ከሁሉም የምቀናው ግን በገዛ እህቴ ነው። በምትልካቸው ፎቶዎች ላይ ሸንቀጥ ብላ ትታያለች፤ በሁለት ጣት እየለጠጥን የአንገቷን አጥንት እናደንቃለን። እኔ ደግሞ በሰፈሩ ሴቶች አነጋገር «ደህና የበላች ልጅ» ነኝ። ሊያመሰግኑኝ ነው የሚሉኝ፤ እኔ ግን እንደ ስድብ ነበር የምሰማው።

ስለዚህ እናቴ ክሩን ስታመጣ እኔው እለካለሁ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ሆዴን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ለካሁ። አላነሰልኝም። ሌላ ሁለት ጣት ቀንሼ ቋጠርኩት። መስቀል እስኪደርስ አንድ ወር ከምናምን አለ፣ እደርስበታለሁ አልኩ። ክሩ በማግስቱ አዲስ አበባ ገባ፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በደስታ ምድር አልበቃኝ አለ። የደመራ ለት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወጣት ሁሉ አደባባይ ይወጣል፤ እኔ በዚያ ቀሚስ በመካከላቸው ሳልፍ ይታየኛል።

ጠዋት ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ወደ እንሴኖ በሚወስደው አስፋልት እንሮጥ ጀመር። ጎረቤቶች እናቴን ልጅሽን ማን እያባረራት ነው እያሉ ሳቁባት። ቁርስ ተውኩ፣ ምሳዬን ገፋ አደርጋለሁ። እናቴ ይሄ የሆድ ትል ነው ብላ መድኃኒት ገዝታ አመጣች፤ ምስጢሬ ከሚወጣ ብዬ ዋጥኩት። የቋጠሮውን ልክ ሌላ ክር ላይ ቋጥሬ ትራሴ ሥር ደብቄ ነበርና በየጠዋቱ እሞክረዋለሁ። ሦስት ጣት ቀረኝ። ሁለት ቀረኝ። መስከረም ሲጠባ አንድ ጣት ብቻ ቀረኝና አልጋው ላይ ዘለልኩ።

ግን የእኛ አገር መስቀል ለመክሳት የሚሆን በዓል አይደለም። እናቴና ጎረቤቶቿ ዓመቱን ሙሉ በቅቤ እቁብ ያጠራቀሙት ቅቤ የሚወጣው ያን ሳምንት ነው። ጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን ደረሰና ጣባው ሞልቶ ፊቴ ቀረበ። አንዴ ልቅመስ አልኩ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይኼ ነው።

በማግስቱ፣ በደመራው ዕለት፣ እህቴን መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ልክ እንደ ፎቶዋ ቀጭን ናት። ቤት እንደገባን ቀሚሱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ወይን ጠጅ፣ ጥልፉ እስከ እግር የወረደ፣ እንደዚያ ያለ ቀሚስ አይቼ አላውቅም። ለበስኩት። ዚፑ መሃል ላይ ቆመ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ እህቴ ጎተተች፣ አሁንም ቆመ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩና የክሩን ነገር ተናዘዝኩ።

እህቴ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ ያመጣችውን የራሷን ቀሚስ፣ አምና በልኳ የተሰፋውን፣ ወረወረችልኝ። ስለብሰው ልክ ለእኔ የተሰፋ ይመስል ነበር። የኔን ደግሞ እሷ ለበሰችው። ዚፑ በአንድ ጉተታ ወጣ፤ ትንፋሿን እንኳ አልያዘችም።

«ታድለሽ፣ ምን እየበላሽ ነው?» አልኳት።

«ምሳ አልበላም» አለች፣ ጥልፉን እያስተካከለች። «ሱቁን ጥዬ መውጣት አይፈቀድልኝም። ማታም ድክም ብሎኝ እተኛለሁ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ደመራው ላይ እንደዚያ ቀን ጨፍሬ አላውቅም። ቀሚሱ ስዞር ይዞራል፣ መተንፈስ እችላለሁ፣ ጓደኛዬ ከየት አመጣሽው እያለች ትጎትተኛለች። ስንመለስ እናቴ የእህቴን ጣባ ከሁላችንም አስበልጣ ሞልታ ጠበቀችን። እህቴ አንገቷን ሳታቀና በላች፤ ሦስተኛ ጊዜ ስታስጨምር ያ ያደነቅነው የአንገት አጥንቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁና እጄን ሰበሰብኩ።

በሳምንቱ ልትሄድ ስትነሳ እናቴ ነጭ ክር ይዛ መጣችና ወገቧ ላይ አዞረችው። እህቴ ሆዷን ነፍታ ቆመች። ያን ተንኮል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እሷ ግን የምታደርገው ወፍራ እንድትታይ ነበር። እናቴ ክሩን እንደያዘች ጠበቀች። አልቸኮለችም። የእህቴ ትንፋሽ አልቆ ሆዷ ሲመለስ፣ ያኔ ቋጠረች።

«ለመጪው መስቀል ስትመጪ» አለቻት፣ «ይሄ ክር ዞሮ እንዳይገጥምሽ።»

ክሩን በወረቀት አልጠቀለለችውም። ምሰሶው ላይ ካለው ምስማር አንጠለጠለችው።