ከብረት ላይ የፋቅሁት ስድብ

ወረታ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ያረጁ የሙዚቃ ማጫወቻዎችን እጠግናለሁ። ባትሪ እቀይራለሁ፣ የተበጠሰ ሽቦ እበይዳለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን ጭረት በማጥፋት ነው። ጀርባቸው ብረት የሆነው የኪስ ማጫወቻዎች ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲጋጩ ኖረው ድመት የቧጨረቻቸው መስለው ይመጣሉ። እኔ እንደ መስተዋት ፊት እንዲያሳዩ አድርጌ እመልሳቸዋለሁ። "የት ተማርሽው?" ይሉኛል። ከአባቴ ነው የተማርሁት። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደርግም፤ ዝቅ ያደረግሁባቸው ዓመታት ይበቁኛል።

የተወለድሁት ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለ መንደር ነው። የአካባቢው ገበሬ ማረሻውንም ማጭዱንም የሚያሠራው አባቴ ዘንድ ነበር። የእጁን ሥራ ይወዱለታል፤ ቤታችን ግን እህል አይቀምሱም። ማጭዱ እስኪሞረድለት ደጃችን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ውሃ ሲጠማው ከራሱ ቅል ይጠጣል። የመንደሩ ሕፃን ድንገት ከታመመ ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይዞራል። እናቴ "አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ" ትለኝ ነበር፤ እኔም እደፋ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ለትምህርት ወረታ ገባሁ። ከገጠር የመጣን ሦስት ልጃገረዶች ሆነን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የሩዝ ገበሬ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። እቴቴ ነበር የምንላቸው። ስንቃችንን በየሳምንቱ ከቤት እናመጣለን፣ በአንድ ትሪ እንበላለን፣ በአንድ መደብ እንተኛለን። ከሁለቱ አንዷ የልብ ጓደኛየ ሆነች። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች አክስቴ የሰጠችኝ ማጫወቻ ነበረኝ፤ ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ብረት። ከትምህርት ስንመለስ ማዳመጫውን አንዱን እኔ ጆሮ፣ አንዱን እሷ ጆሮ አድርገን አጥሩ ሥር እንቀመጣለን። አባቴ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ "ገበሬ ነው" ብያቸዋለሁ። ጥቂት መሬት ነበረችን፤ ቢሆንም ዋሽቻለሁ።

አንድ የገበያ ቀን የመንደራችን ሰው በመንገድ አየኝና ከሩቅ "አንቺ የቀጥቃጩ ልጅ! አባትሽ ሰላም በልልኝ ብሎኛል" አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም። ሁለቱም ጓደኞቼ ከጎኔ ነበሩ። ያን ዕለት ራት ሲቀርብ "ጠግበናል" አሉ። በማግስቱም ጠገቡ። በሦስተኛው ቀን ማጫወቻየን ከሣጥኔ ሳወጣ ጀርባው ላይ በኮምፓስ መርፌ የተቆፈረ ጽሑፍ አገኘሁ። "ቡዳ" ይላል።

ማን እንደ ጻፈው ወዲያው አወቅሁ። ደብተር ስንዋዋስ የኖርን ነን፤ የ"ዳ"ን እግር እንደ መንጠቆ የምታጥፍ የልብ ጓደኛየ ብቻ ነበረች። ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላልሁም። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ደርሶ ስለነበር ማጫወቻውን በነጠላየ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አባቴ ወናፉን አቁሞ ተቀበለኝ። ጽሑፉን አየው። ፊደል በደንብ አይለይም ነበር፤ ይህችን ቃል ግን ለይቷታል።

"ማን ጻፈው?"

"አላውቅም" አልሁ።

እናቴ ከጀርባው ሆና አየችና "ጨርቅ ሰፍቼ ላልብስልሽ ልጄ፣ ማንም አያየውም" አለች።

"አላለብሰውም። እንዲጠፋ ነው የምፈልገው።"

አባቴ ጥፍሩን በፊደሎቹ ላይ አሳለፈ። ጭረቱ ጥፍሩን ያዘው። "ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው" አለ። "ይጠፋል፤ ግን እኔ አልነካውም። የተሰደብሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ፋቂው።"

ብናኝ እንዳይገባበት ቀዳዳዎቹን በፕላስተር አሸገልኝ። ለቢላዋ እጀታ ከሚጠቀምበት ብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ሰጠኝ፣ ከአጠገቤ ውሃ አስቀመጠ። እኔ በንዴት ቃሉ ላይ ብቻ እፈትግ ጀመር። እጄን ያዘኝ።

"እዚያ ላይ ብቻ ከፋቅሽ ይጎደጉዳል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያሳጣሻል። መላውን አውርጂው፣ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ።"

ስለዚህ መላውን አወረድሁ። በመጀመሪያው ቀን ጀርባው ሁሉ አመድ መሰለ፤ ጭራሽ ያበላሸሁት መስሎኝ በንዴት አለቀስሁ። "ገና ነው፣ ቀጥይ" አለኝ። በሁለተኛው ቀን አዲሱን ወረቀት ወስዶ ያረጀውን ሰጠኝ፤ ያረጀው ጥርሱ ስላለቀ ጭረቱ ቀጭን ነው። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም፣ ውሃ እያስነካሁ ፈተግሁ። በሦስተኛው ቀን የተነፋ አመድ በዘይት ለውሼ በቆዳ አሸሁት። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ነበር። "ቡ" ቀድሞ ጠፋ። የ"ዳ" መንጠቆ እስከ አራተኛው ቀን ቆየ።

ሲያልቅ አባቴ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ ገልበጥ መለስ እያደረገ ጽሑፉን ፈለገ። "የለም" አለ። ሌላ ምስጋና አልነበረም።

ያኔ ልጠይቀው የምፈራውን ጠየቅሁት። "አባየ፣ ሲሰድቡህ ለምን ዝም ትላለህ?"

መዶሻውን እያነሣ "ዝም ያልሁት እናንተን ላሳድግ ብየ ነው" አለኝ። "አንቺን ግን ዝም በይ አላልሁሽም።"

ወረታ ስመለስ ማጫወቻውን ከመደቡ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥሁት። ጓደኛየ ገብታ አየችው።

"ጽሑፉስ?" አለች።

"የቱ ጽሑፍ? እኔ ለማንም አላሳየሁም።"

ፊቷ ደም ለበሰ። "የአንቺን 'ዳ' አውቀዋለሁ" አልኋት። "ፍቄ አጥፍቼዋለሁ። ማጥፋቱን ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ ቀጥቃጩ። እህል አብረሽኝ አትብይ፤ በዕቃየ ላይ ግን ሁለተኛ እጅሽን እንዳታሳርፊ።"

እያለቀሰች ወደ እቴቴ ሮጠች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ብዙም ሳይቆይ እቴቴ ጠሩኝ። የጎረቤት ሴቶች ሩዝ እየለቀሙ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ" አሉ። "እነዚህ ልጆች የሰው አደራ ናቸው፤ አንድ ነገር ቢሆኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሌላ ቤት ብትፈልጊ ይሻላል።"

ለታላቅ ሰው ቀና ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። ወደ ግድግዳው ሄድሁና ከአጨዳ በኋላ ከሰቀሏቸው ማጭዶች አንዱን አወረድሁ።

"እቴቴ፣ ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ ምን አውቄ! ከገበያ ነው የገዛሁት።"

"እጀታው ሥር ሦስት ነጥብ አለ፤ የአባቴ ምልክት ነው። በዚህ ያጨዱትን ሩዝ እርስዎም በልተዋል፣ ለልጆችዎም አብልተዋል። ምን ሆኑ?"

ሴቶቹ ሩዙን መልቀም ተዉ።

"አልወጣም" አልሁ። "የፈራ ይውጣ።"

"ድፍረትሽ!" አሉ እቴቴ። ማጭዱን ከእጄ ወስደው መልሰው ሰቀሉት። ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ ቆይተው "እንግዲያ ተቀመጪ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ውጪ ብለውኝ አያውቁም፤ አንድ ቀንም አብረውኝ አልበሉም። ሁለቱ ልጆች በሳምንቱ ለቀው ወጡ። እስከ ፈተና ድረስ ብቻየን ኖርሁ። ብቸኝነቱ አልከበደኝም ብል ውሸት ነው፤ ስንቄን እየበላሁ በሩን የማይበት ቀን ብዙ ነበር። ግን ማንም "የማን ልጅ ነሽ?" ሲለኝ "የቀጥቃጭ" ብዬ ነበር የምመልሰው፣ አስከትዬም ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።

የመጀመሪያው ደንበኛየ የእኔን ማጫወቻ ያየ የክፍላችን ልጅ ነበር። የተቧጨረ ማጫወቻውን በሹራቡ ሥር ደብቆ አመጣና "ለእኔ እንደ ሠራሽልኝ ለማንም አትንገሪ" አለኝ። መልሼ ሰጠሁት። "ነገ በክፍሉ ሰው ፊት አምጣው፤ አለዚያ አልነካውም።" በማግስቱ አላመጣውም። በሳምንቱ አመጣው፣ በሰው ፊት።

ያች የልብ ጓደኛየ አግብታ አንበሳሜ ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰው በኩል "ይቅር በይኝ" ብላ ላከችብኝ። "የጻፈችው በራሷ እጅ ነው፣ ራሷ ትምጣ" ብዬ መለስሁ። እስካሁን አልመጣችም። ብዙ ሰው ጨካኝ ብሎኛል፤ ይበል።

ሱቄን ስከፍት የሰሌዳ ጸሐፊውን "የቀጥቃጭ ልጅ፤ ብረት ትወለውላለች" ብለህ በትልቁ ጻፍ አልሁት። ሦስት ጊዜ አስደግሞ ጠየቀኝ። ቤቱን ያከራየኝ ሰው እስካሁን ደስ አላለውም፤ ሰሌዳው ግን አልወረደም።

በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብተው መመለሳቸው ነበር። ያረፉትን የመምህራቸውን ዜማ በሕይወት ሳሉ የቀዱበትን ማጫወቻ ይዘዋል፤ ጀርባው በቁልፍ ተተልትሏል። ተነሥቼ መስቀል ተሳለምሁ። የሠራኋቸውን አንድ ሁለቱን እያገላበጡ አዩ።

"እጅሽ ይባረክ" አሉ። ከዚያ ወደ ደጅ ጠቆም አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህን ሰሌዳ ብታነሺው ግን ገበያሽ ይደራ ነበር፣ ልጄ። ሰው ምን ይላል?"

"አባ፣ እርስዎ አንብበውት ነው የገቡት" አልኋቸው።

ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና በርጩማውን ስበው ተቀመጡ።

"ለሐሙስ ይደርሳል?"

"ይደርሳል" አልሁ።