ከገመዱ እስከ ቢላው

ልጅ ሳለሁ ድሬ ላይ ቀኑ የፀሐይ ነበር፤ የሰው የሚሆነው ከመሸ በኋላ ነው። ያኔ ገንደ ቆሬ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ሰው ሁሉ ፍራሹንና ምንጣፉን ደጅ ያወጣና፣ ነፋሱ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ተነስቶ እስኪደርስልን ድረስ ማንም ማንንም ማናገር አይፈልግም። ነፋሱ ሲመጣ አው ሙሜ የከሰል ምድጃውን በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ይጀምራል። ጢሱ መጀመሪያ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ቀጥሎ ፍሙ ይቀላል፣ ከዚያ ቅርንፉድና ሄል የገባበት ሻይ ይሸታል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ፋኖሱን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኛ ልጆች የምንሰበሰበው ያንን ብርሃን አይተን ነው።

አው ሙሜ ዕድሜውን በባቡር ሥራ የጨረሰ ሽማግሌ ሐረሪ ነበር። «አው» የሚለውን ሐረሪዎች ለአባትና ለትልቅ ሰው ይሉታል፤ እኛ ግን ከስሙ ጋር አጣብቀን ስሙ አድርገነው ነበር። ወላጆቿ ከደጋ የመጡት እናቴ «አንቱ በለው» እያለች ትቆጣኛለች። እሱ ደግሞ «አንቱ ካልከኝ ተረቱን አቆማለሁ፣ ዋላሂ። እዚህ አገር አንቱ የሚባለው ገና የመጣ ሰው ነው» ይለኛል።

ከተረቶቹ ሁሉ ደጋግሜ የማስነግረው አንዱን ነው። እንስሳት ሰውን ሊከሱ ጌታ ዘንድ ይቀርባሉ። ግመል ጭነቱን ትከሳለች፣ አህያ ዱላውን ይከሳል፣ ላም ጥጃዋ ቆሞ እያየ የሚታለበውን ወተቷን ትከሳለች። ፍየል መጨረሻ ላይ፣ ቅጠል እያኘከች ትደርሳለች። አው ሙሜ እዚህ ጋ ሲደርስ ራሱም እንደማኘክ ስለሚያደርግ እንስቃለን። «አንቺስ ምን አለሽ? ስትባል» ይላል፣ «እኔ ቢላውን አልከስም፤ ሰውም ይርበዋል። እኔ የምከሰው ከገመዱ እስከ ቢላው ያለውን ጊዜ ነው አለች። ጌታም ሰውን ጠርቶ፣ ብላ፣ ግን ያንን ጊዜ አሳጥርላት፤ ያስረዘምከውን ያህል እኔ ዘንድ ስትመጣ አንተ ትጠብቀዋለህ አለው።»

«ስንት ሰዓት ይጠብቃል?» እለዋለሁ ሁልጊዜ።

«እሱን የምታውቀው ፍየሏ ናት።»

ሱልጣናን የሰጠኝም እሱ ነው። የእሱ ፍየል መንታ ወልዳ ወተቷ ለአንዱ ብቻ ስለበቃ፣ ደካማዋን ግልገል በሁለት እጁ አንስቶ ጎረቤት ሁሉ እያየ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት፤ ብትሞትም ያንተ፣ ብትኖርም ያንተ» አለኝ። በጡጦ አሳደግኳት። ጡጦውን ስትጨርስ የፈሰሰውን ከጣቶቼ ላይ ትልሳለች፤ ምላሷ ሻካራ ነበር። ስታድግ ደግሞ እንደ ድሬ ፍየሎች ሁሉ ከጫት መሸጫዎቹ ስር ቃሚ የጣለውን ገራባ እየለቀመች ትውልና፣ ማታ ላይ ሞቅ ብሏት ግድግዳውን ስትገፋ ታመሻለች። አው ሙሜ «ሱልጣና ዛሬ መርቅናለች፣ ማንም እንዳያናግራት» ይል ነበር።

አሥር ዓመቴ ነበር። ዕለቱ የሁዳዴ ቅበላ እሁድ ነው፤ ማግስቱን ጾም ይገባል፣ እስከ ፋሲካም ሥጋ የለም። በየቤቱ ድስት ተጥዷል፤ እኛ ቤት ሽሮ ነበር። አባቴ ከከተማው ውጭ ሁርሶ ካምፕ አናጢ ነበር፤ ያን ቀን ሥጋ ይዞ ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነበር። ከቀትር በፊት ከመንገዱ አንድ ጩኸት ሰማሁ። የሰው መስሎኝ ነበር። ስወጣ ሱልጣና መሬት ላይ ነበረች፤ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ ወገቧ ላይ ወጥቶባት የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። በፊቶቹ ብቻ እየቧጠጠች ወደ ግቢያችን በር ለመሄድ ትሞክራለች። ሹፌሩ የሌላ ሰፈር ልጅ ነበር፤ ወርዶ አያትና «አላየኋትም እኮ አቦ» ብሎ ሄደ።

ተሸክመን አስገባናት። አው ሙሜ ጎንበስ ብሎ ወገቧን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቤቱ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላ ይዞ ተመለሰ።

በእኛ ከተማ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ግቢ ይኖራል፣ ሠርግ ላይ አብሮ ይጨፍራል፣ ለቅሶ ላይ አብሮ ይቀመጣል። ሥጋ ላይ ግን ያረደው እጅ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ሳይታረድ የሞተውን ደግሞ ማንም አይበላም፤ ደቻቱ ወርዶ ይጣላል። ይህንን ድሬ የተወለደ ልጅ ሳይነገረው ያውቀዋል።

እናቴ ቢላውን አይታ «አው ሙሜ፣ አንተ ካረድካት እኮ ለእኛ አትሆንም» አለች። «አባቱ አሁን ይደርሳል። ነገ ሁዳዴ ነው፤ ለልጆቹ ሥጋ አላቀመስኩም።»

«የጠየቅኩት በላተኛውን አይደለም» አላት፤ በቁጣ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወሪያ» አለኝ፣ በድሬ «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው፤ «ፍየሏ ያንተ ናት። ላሳርፋት?»

ግቢው ሁሉ እኔን አየ። ሱልጣና ትጮህ ነበር። እናቴም ዝም ብላ ታየኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ ያሰብኩት፣ ዛሬም ቃል በቃል የማስታውሰው፣ ከጎረቤት ሲሸት የዋለውን ጥብስ ነው።

«አባዬን እንጠብቅ» አልኩ።

አው ሙሜ ቢላውን መልሶ ጠቀለለውና አጠገቧ ተቀመጠ።

አባቴ እንደተባለው «አሁን» አልደረሰም። በኋላ እንደነገረን የተሳፈረበት መኪና ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። እናቴ ሌላ ክርስቲያን ወንድ እንድትፈልግ እህቴን ላከቻት። የግቢያችን ሌላው ክርስቲያን ሰውዬ ቅበላ ተጠርቶ ዘመድ ጋ ሄዷል፤ መንገዱ ጥግ ያገኘችው ደግሞ ቢላ ቀርቶ በሩን ለመያዝ የሚያቅተው ሰካራም ነበር። እኔ አርዳለሁ እንዳልል አርጄ አላውቅም፤ ያሰበኝም የለም። ጥላው ከግድግዳው ሥር እየሸሸ ሲሄድ ፀሐዩ ሱልጣና ላይ መጣ። እኔ ማዳበሪያ አምጥቼ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንጠለጠልኩላት። ጨርቅ በውሃ ነክሬ አፏን አረጠብኩ፣ ዝንቦቹን አባረርኩ፣ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግኩ። የግቢው ሴቶች «እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ልጅ ነው፣ ይባረክ» ይሉ ነበር።

ሩኅሩኅ አልነበርኩም። እንዳትሞት እየጠበቅኳት ነበር። ዓይኗ በተከደነ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል፤ ከሞተች ትጣላለች፣ ከተጣለች ሥጋ የለም። «ትንሽ ጠብቂ፣ ሱልጣና» እላት ነበር፤ የምለምነው እሷን ነው ወይስ እግዜርን፣ አላውቅም። በመሃል ጨርቁን ስጨምቅ ውሃው በጣቶቼ ወረደ፣ እሷም እንደ ጡጦው ጊዜ ላሰችው።

አው ሙሜ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ተነስቶ ሄደ፣ ሰግዶም ተመለሰ። ቢላውን ፈትቶ በድንጋይ መሳል ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቴ እንዳትሰማ፣ «ወሪያ፣ አሁንስ?» አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ጨርቁን እንደገና ባልዲው ውስጥ ነከርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም።

አባቴ የገባው ፀሐይ ጠልቆ መግሪብ ሲጠራ ነው። ሥጋም አልያዘም። አቧራውን ሳያራግፍ አያትና «ሳትሞት ደረስኩ፣ ተመስገን» አለ። የቤታችን ቢላ ሽንኩርት ብቻ የሚቆርጥ ነበር። አው ሙሜ የራሱን ዘረጋለት። «ቢላው የእኔ ይሁን፣ እጁ ያንተ።» አባቴ ፊቷን አዞረ፣ በስመ አብ ብሎ አማተበ፣ አለቀ። እኔ ገና ዓይኔን ልጨፍን ስል አልቆ ነበር። ያ ሁሉ ከሰዓት ለዚህ ነበር፤ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ለማይበቃ ነገር።

ማታ አባቴ በከሰሉ ላይ ጠበሳት። እያለቀስኩ ነበር። የመጀመሪያውን ቁራጭ አባቴ ራሱ አፌ ውስጥ ከተተልኝ፤ ሁለተኛውን እኔ አነሳሁ፣ ሦስተኛውንም። ጣፋጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥጋ በልቻለሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም፤ እንደዚያ ያፈርኩበትም የለም። እያለቀስኩ ከትሪው ላይ እጄን ስሰድ አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እዩት፣ እዩትማ! አልቅሶ በላ! ጨውም አላስፈለገው» አለ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ሰፈሩ ሰማ። «አልቅሶ በላ! ዛሬስ ለማን ታለቅሳለህ አቦ?» ይሉኝ ነበር ልጆቹ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ።

ይህን ስም ይዤ አደግኩ፣ ቂሙንም አብሬ። ፍርዱን የአሥር ዓመት ልጅ ላይ የጣሉት ትልልቆቹ ናቸው። እናቴ «ትታረድ» ማለት ወይም «ተዋት» ማለት ትችል ነበር፤ ዝም አለች፣ ዝምታዋም መልሱን ሰጠኝ። አው ሙሜ እንኳ ቢላው በእጁ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ ሊያደርገው ይችል ነበር፣ ግን የድሃ ጎረቤቱን የቅበላ ሥጋ ማበላሸት ከበደው። ሁሉም በሉ ወይም አበሉ፤ የተሳቀበት እኔ ብቻ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ሳጠና ይህንን ጉዳይ በልቤ ስንት ጊዜ እንደ ከሳሽ ተከራከርኩት፤ ሁልጊዜም አሸንፍ ነበር።

እዚያው ሳለሁ አንድ ዓመት ሥጋ ተውኩ። ጓደኞቼ በሬ እንደማያለቅስልኝ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም ስለ እንስሳት ሥቃይ ያነበብኩትን ሁሉ እየደረደርኩ እመልስላቸዋለሁ። የተናገርኩት እውነት ነበር፣ የተናገርኩበት ምክንያት ግን እውነት አልነበረም። ለበዓል ድሬ ስመለስ አባቴ ፊት ትሪውን ገፋሁ፤ እንዲያፍር ነበር የፈለግኩት። አባቴ አልሳቀም። «እሺ፣ ካልፈለግክ» አለና ሽሮ እንዲሠራልኝ እናቴን ጠየቀ። የሚያፍር ሰው ሳጣ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ በላሁ።

አምና አባቴ ሞተ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እያለቀስኩ፣ ከሴቶቹ አንዷ ምግብ አቀረበችልኝና ሳላስበው ጎረስኩ። የአጎቴ ልጅ አጠገቡ ላለው ሰው በሹክሹክታ «ልማዱ ነው እኮ፣ አልቅሶ በላ እንለው ነበር» ሲል ሰማሁት፤ ታሪኩንም ነገረው፣ ሰውየውም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ተነስቼ ወጣሁ። ደጅ ቆሜ ለመናደድ ሞከርኩ፣ ለምጄዋለሁና። ግን ታሪኩን በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ያስተዋልኩት ሌላ ነው፤ ውሃውንና ጨርቁን አልነገረውም። አያውቀውማ። የሳቁብኝ በማልቀሴና በመብላቴ ነው። ያጠጣኋት ለምን እንደሆነ ያወቁ ሁለት ናቸው፣ እኔና አው ሙሜ። ሦስተኛዋ ምናልባት አላወቀችም፤ እጄን እየላሰች ነበር። በእኔ ላይ የተሠራውን በደል ይህን ሁሉ ዓመት በጥንቃቄ የያዝኩት፣ በእሷ ላይ የሠራሁትን እንዳልይዝ ሳይሆን አይቀርም።

አው ሙሜ ከሞተ ቆይቷል። ያ ቅበላ ካለፈ በኋላ አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ፋኖሱ ባልዲው ላይ ሲቀመጥ፣ እንደ ድሮው «የክሱን ተረት ንገረን» ብዬው ነበር። ፍሙን በካርቶኑ አራግቦ አራግቦ «ያቺን ከእንግዲህ አንተ ንገረን» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ግመሏን ተናገርኩ፣ አህያውን ተናገርኩ፣ ላሟን ተናገርኩ። ከዚያ እንቅልፌ መጣ ብዬ ተነሳሁ። እሱም አላስቀረኝም።

ዛሬም ሥጋ እበላለሁ። ያልተውኩበትን ምክንያት ማንም የማያምነኝን ያህል አስቤበታለሁ፤ ከጣዕሙ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ አደርጋለሁ። ለበዓል ፍየል ከተገዛ፣ አራጁ መጥቶ ቢላው ተስሎ ሳይጠብቃት ከግቢዬ በር አትገባም። ሻጩ መንገድ ላይ ይዟት እንዲቆም ስለማደርገው ያጉረመርማል፣ ባለቤቴ «ፍየል ነው ወይስ ሙሽራ የምንቀበለው?» ትለኛለች። ማንንም ለማስረዳት አልሞክርም። ለሱልጣና የሚደርስ ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ዘንድሮ ቅበላ ማታ መብራት ጠፋ። ልጄ ሞባይሌን አብርታ ጭኔ ላይ ተቀመጠችና ተረት ጠየቀችኝ፤ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ እንስሳቱን ጌታ ዘንድ አቀረብኳቸው። ግመሏ ከሰሰች፣ አህያው ከሰሰ፣ ላሟ ከሰሰች። እዚያ ላይ አቆምኩ። የፍየል ጥብሱ ትሪ ገና አልተነሳም ነበር፤ ጣቶቼም በቅባት ረጥበው ነበር።

«ፍየልስ የለችም?» አለችኝ።

«አለች።»

«ታዲያ የት ናት?»

«እየጠበቀች ነው» አልኳት።