ያላዞረኝ ጆሮ

በመተማ ቆላ ራሱን የሚያዞረው ሰው ሁሉ ወባ ነው የያዘው። እኔም ሽንፋ አጠገብ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ ማዞር ሲጀምረኝ፣ ደሜን ሳልመረመር ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ዋጥኩ። ማዞሩ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ትራክተሩን ቦይ ውስጥ ስከተው ባለቤቴ ጎንደር ሄጄ ሳልመረመር መሪ እንዳልይዝ ከለከለችኝ። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። የሄድኩትም ለመታከም ሳይሆን ደህና መሆኔን ለማስመስከር ነበር።

ሆስፒታል የመረመረችኝ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የጆሮ ውስጠኛው ክፍል እንደሆነ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀዝቃዛና ሞቅ ያለ ውሃ ስታፈስ ዓይኔ በራሱ እንደሚርገበገብ፣ ያንንም ዓይኔ ላይ ያጠለቀችልኝ መነጽር ላይ ያለው ካሜራ እንደሚቀዳው አስረዳችኝ። እኔ ግን ዓይኔ ከተርገበገበ እንጀራዬ እንዳለቀ ቆጠርኩት።

ውጭውን እንዳላይ የሚጋርደኝ የመነጽሩ ክዳን በደንብ አልገጠመም ነበር። በክፍተቱ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አየሁ። ቀጥ ያለ ፈር የሚያወጣ ነጂ ከማሳው ጫፍ ዛፍ ይመርጥና ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም፤ ውሃው ግራ ጆሮዬ ሲገባ እኔም ምስማሩ ላይ ተተከልኩ። ማዞሩ ቀለል አለልኝ፣ በልቤ ኮራሁ። እሷ ስክሪኑን አይታ ምን እያየሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሳቀችና ክዳኑን ገጥማ፣ ጥቂት አሳርፋኝ እንደገና ጀመረች። አሁን ዓይኔ የሚይዘው ነገር አጣ። አልጋው ይዞኝ ዞረ። አፈርኩም፣ ተናደድኩም።

የቀኙ ተራ ሲደርስ ቀዝቃዛውም ሞቃቱም ምንም አላደረገኝም። ደስ አለኝ።

«ይኸውልሽ፣ ይሄኛው ደህና ነው» አልኳት።

መነጽሩን ቀስ ብላ አወለቀችልኝ። «ጋሼ፣ ደህናው ያዞረዎት ነው። የማይሠራው ይሄኛው ነው።»

መንዳት እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ወፍራም ስፖንጅ ላይ አቆመችኝና ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝ። ሦስት ሳልቆጥር እጇ ላይ ወደቅኩ። ጥያቄውን አልደገምኩትም።

ጆሮው ባይመለስም አእምሮ በልምምድ ጉድለቱን ሊያካክስ እንደሚችል ነግራኛለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ዓይኔን አውራ ጣቴ ላይ ተክዬ ራሴን ግራና ቀኝ አመላልሳለሁ። ከጎጃም ለሥራ የመጡት ጎረቤቶቼ አበደ እያሉ ያሽሟጥጡኛል፤ ያሽሟጥጡ።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጣለና ባለእርሻው ደወለ። ደህና ሆኜ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ገና ነኝ፤ ለዘንድሮ ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ልምምዴን ቀጠልኩ።