አዋላጇ በኮኖች መሀል

እህቴ አዋላጅ ናት፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ። ዘመዶቻችን ሁለታችሁም እንጀራችሁ ትንፋሽ ነው እያሉ ያሾፉብናል። ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት፤ ስታናድደኝም እትዬ ነው የምላት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ባለፈው ክረምት ምጥ ወደያዛት ሴት ቤት የጤና ጣቢያውን መኪና እየነዳች ስትሄድ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ኩርባ ላይ አስፋልቱ አዳለጣት። ደንግጣ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው። መሪውን ብታዞረው መኪናው አልሰማ አላት፤ ቀጥ ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ሮጬ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ አንድም ቦታ አልተጫረችም። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤት ተረባርቦ አዋለዳት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፤ እህቴ ግን ይህንን ለራሷ ማስረዳት አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ እንኳ ኩርባ ሲመጣ እግሯ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

እስከ ዘንድሮ የጣቢያው ሹፌር ሲያመላልሳት ቆየ። እሱ ጡረታ ሊወጣ ሲል ኃላፊዋ ጠርታ፣ “የሚተካው ሰው አልተፈቀደልንም። ወይ ራስሽ እየነዳሽ በየቤቱ ትሄጃለሽ፣ ወይ መድኃኒት መጋዘን ትገቢያለሽ” አለቻት። እትዬ ይህንን የነገረችኝ ሱቄ ውስጥ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው።

“በዚህ ዕድሜዬ ካርቶን ልደርድር?” አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ እሁድ እሁድ የተዘጋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር አውቶክሮስ እጫወታለሁ። ባዶው ሲሚንቶ ላይ ኮን እንደረድራለን፤ መኪና አንድ በአንድ ይገባና በኮኖቹ መሀል እየተጠማዘዘ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። የሚጋጩት ግንብም ሰውም የለም። ቢሳሳቱ የሚወድቀው ፕላስቲክ ነው። የኔ ሥራ ሰዓት መያዝና የወደቀ ኮን ማንሳት ነው። “እሁድ አብረን እንሂድ” አልኳት። ፈርታም ቢሆን መጣች።

ገና የጓደኛዬን መኪና መሪ ሳትጨብጥ ጭንቅላቷን በምክር ሞላሁት። እዚህ ማርሽ ቀይሪ፣ እዚያ ጠበቅ አድርጊ፣ እዚህ ልቀቂው፣ ቀኝሽን ጠብቂ። እሺ እሺ አለች። የፈራ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል ብዬ ነበር። ለካ የፈራ ሰው ቶሎ ጨርሶ ለመገላገል ነው የሚሮጠው። እትዬ ተወነጨፈች። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ በሙሉ ነዳጅ ገባች፣ መሀሉ ላይ ስትደርስ ፍሬን ረገጠች፣ ኮኖቹ ተበተኑ፣ መኪናው ዞሮ ወደ እኛ እያየ ቆመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ጋ ግን እሷ አፈሰሰች፣ እኔ ለቀምኩ።

በሩን ከፍታ ወረደች። “አየህ? መጋዘኑ ይሻለኛል” አለች።

ይህን ጊዜ ጋሽ ቦቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዳጅ ቦቴ የነዱ ሰው ናቸው፤ ስማቸውንም ያወጣላቸው እሱ ነው። ግማሽ የተሞላ ቦቴ ኩርባ ላይ ፍሬን ከተያዘ ነዳጁ ከኋላ ሹፌሩን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ድንገት የሚባል ነገር አይወዱም። መጀመሪያ ወደ እኔ መጡ።

“ሰዓቱን አምጣ” አሉኝ። ሰጠኋቸው፣ ኪሳቸው ከተቱት። “ጀማሪ ሰዓት ምን ያደርግለታል? አንተ ኮን አንሳ፣ አፍህን ደግሞ ዝጋ።”

ቅር አለኝ፣ ግን ዘጋሁ። እሷን “ነይ ልጄ፣ መጀመሪያ በእግራችን እንሂደው” ብለው በኮኖቹ መሀል ይዘዋት ዞሩ። እኔም ኮን የማነሳ መስዬ ጆሮዬን ጥዬ ተከተልኳቸው።

“ዛሬ የምትማሪው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይን። አጠገብሽ ያለውን ኮን አትዪ፣ የሚቀጥለውን እዪ። መኪና ዓይንሽ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን እርሺው።”

“ቀስ ብዬ ስነዳ አይስቁብኝም?”

“ይስቃሉ። ጥርስ ያለው ይሳቅ።”

አጠገቧ ተቀመጡና ገቡ። መኪናው ይድሃል ማለት ይቻላል። ከተከፈተው መስኮት ግን ከድሮ ጀምሮ የማውቀው፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች የምታረጋጋበት ድምፅ ይሰማል። “ቆይ... እስክልሽ አትግፊ... ተንፍሺ... ጎሽ... አሁን ግፊ።” ኩርባው ሲያልቅ ነው ነዳጅ የምትሰጠው። ጋሽ ቦቴ ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ እፍ ይላሉ።

ሲወርዱ ግንባራቸውን ጠረጉ። “ነዳጅ ሳመላልስ ኖሬ ዛሬ ልወልድ ነበር” አሉ።

“ለራሴ እኮ ነው የማወራው” አለች እትዬ።

“ይሁን፣ እኔም አስፈልጎኝ ነበር።”

ሳቀች። ቦዩ ውስጥ ከገባች ወዲህ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ባይ አንድም ኮን አልወደቀም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሚቀጥለው እሁድ ፍሬን ብቻ ተማረች፤ ከኩርባው በፊት፣ መኪናው ቀጥ እንዳለ ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያ ማዞር። ሌላ እሁድ እግሯን ማለስለስ። ጋሽ ቦቴ አንዱን በደንብ ሳትይዝ ሌላ አይጨምሩም። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ “አሁንስ ሰዓት እንያዝላት” ስላቸው ኪሳቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ፍጥነቱ ግን ማንም ሳይጠራው መጣ፤ እሷ እንኳ ልብ ያላለችውን፣ መጀመሪያ የሳቁባት ጓደኞቼ ቀድመው አዩት።

አንድ እሁድ ዝናብ ጥሎ ሲሚንቶው እንደራሰ ደረስን። ወደ ቤት እንመለሳለን ብዬ ነበር። ጋሽ ቦቴ ደስ አላቸው።

“ዛሬ ኮን ሳትጥዪ አትወርጂም” አሏት። ፊቷ አመድ መሰለ። “መኪናው የት ላይ እንደሚለቅሽ አታውቂም፣ የሚያስፈራሽም እሱ ነው። እዚህ ይልቀቅሽ። ሲለቅሽ ፍሬኑን አላላ አድርጊው፣ ዓይንሽ መውጫው ላይ ይሁን።”

ብቻዋን ገባች። ከወትሮው ትንሽ ጨመር አድርጋ ኩርባው ላይ ፍሬን ያዘች፤ መኪናው ልክ እንደዚያን ቀን መሪውን ትቶ ቀጥ ብሎ ተንሸራተተ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አንድ ኮን ተጋድሟል፣ መኪናው ግን ታጥፎ ወደ መውጫው እየሄደ ነው። ፍሬኑን አላልታው መሪው እንደገና ሰምቷት ነበር። ደገመችው። ሠለሰችው። ኮን ሳነሳ እኔ ደከመኝ።

በመጨረሻ አቁማ ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ሁለታችንም ሮጥን።

“ያኔም ፍሬኑን ባላላው ኖሮ ይመለስልኝ ነበር?” ብላ ጋሽ ቦቴን ጠየቀቻቸው።

“ምናልባት። ያኔ ግን አልተማርሽውም ነበር።”

እፎይ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። የእኔም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ዝናቡ ነው አልኩ፣ ዝናቡ ግን አባርቶ ነበር።

ሹፌሩ ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ይወርዳል። ሱቄ በር ላይ የደንበኛ ጎማ ስፈታ የጣቢያው መኪና ከላይ ሲመጣ ሰማሁ። መፍቻዬን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ኩርባው ጋ ከመድረሱ በፊት የፍሬኑ ቀይ መብራት ከኋላው እርጥቡ አስፋልት ላይ በራ፤ መኪናው ረጋ አለ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ከዚያ ታጠፈ። ለሰላምታ እጄን ባነሳ አላየችኝም። ዓይኗ እኔንም ቦዩንም አልፎ መንገዱ የሚወጣበት ላይ ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ብቻዬን ስስቅ ደንበኛዬ ምን ሆንክ አለኝ፤ ምንም አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። ከጀርባዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

“ሴት ናት” አለችኝ። “ድምፅዋ ሰፈሩን አወከው።”

“እናቲቱስ?”

“ደህና ናት፣ ተኝታለች።”

“መንገዱስ?” አልኳት።

የጠየቅኳት ነገር ግራ የገባት ይመስላል።

“የምን መንገድ?” አለችኝ።