ሮቢት ላይ የነበረው ባሕር

ጫማዬን አውልቄ አሸዋው ላይ ስቆም ከእግሬ ሥር የወጣው ሙቀት መጀመሪያ አስደሰተኝ፤ ቀጥሎ አስፈራኝ። ባሌ የመርከብ መካኒክ ነበርና በዚያ ዓመት እኔንም ይዞኝ ሄዶ፣ መርከቡ ግሪክ አገር ጭነት እስኪያራግፍ ድረስ በአውቶቡስ ተሳፍረን ወደ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ወረድን። መንደሯን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለት ኮረብቶች ዳርቻውን ግራና ቀኝ እንደ ክንድ አቅፈውታል፤ ነፋስ አይገባበትም፤ ውሃው ሳህን ላይ የፈሰሰ ይመስል ረግቶ ይተኛል። ረግጬው የማላውቀውን ያን ቦታ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ሙሴ ያኒ በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ በጣቱ እየሣለ፣ የመንደሯንም ስም እየነገረኝ አሳይቶኛል።

ሙሴ ያኒ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጨው፣ ላምባና መርፌ የሚሸጥ ግሪካዊ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት መጥቶ ከቤታችን አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ አማርኛውን ከገበያተኛው፣ አርጎብኛውን ከሽማግሎቹ ለቃቅሞ ሁለቱን ባንድ አፍ ስለሚቀላቅላቸው አንዳንድ ቀን ጨው የጠየቀ ሰው ላምባ ይዞ ይወጣ ነበር። አባቴ ሁሴን የጥጥ ነጋዴ ነበር። ሁለቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ንግግር ግማሹን ብቻ እየተረዳ፣ ሲስቁ ያመሻሉ።

እሑድ እሑድ ሱቁን ይዘጋና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከከተማው በታች ሮቢ ገደሉን ዞሮ የሚታጠፍበት፣ ሾላዎች የጋረዱት፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ንጹሕ አሸዋ የሚቀርበት ቦታ ነበር። እዚያ በጀርባው ይጋደማል። ሴቶቹ እንስራቸውን እየሞሉ «ይኼ ሰውዬ ሳይሞት ሊቀበር ነው» ብለው ይስቁበታል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሸዋውን ስቆፍር ውሃው ከሥር እየመነጨ ይሞላልኛል።

«ይኼ ባሕር ነው፣ ዘሃራ» ይለኛል፤ «እዚህ እናቴ ቤት። እዚህ ጀልባ። እዚህ እኅቴ ቆማ እኔን ትጠራለች፣ እኔ አልሰማም።»

ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ ቦታውን «ባሕሩ» እንለው ጀመር። ሌላ ማንም እንደዚያ አይጠራውም።

ጣሊያን ከግሪክ ጋር ጦርነት የገጠመ ጊዜ፣ እኛ አገር ያሉት ግሪኮች ሁሉ ይያዙ ተባለ። ወሬው ከጣርማ በር ቁልቁል በሚወርዱ ነጋዴዎች አፍ ከወታደሮቹ ካሚዮን ቀድሞ ደረሰን። አባቴ ሙሴ ያኒን ወስዶ ከባሕሩ በላይ፣ ገደሉ ሥር ባለ ጎድጓዳ ቦታ ደበቀው። እናቴ «ቤታችንን ያቃጥሉብናል» ብላ ስታለቅስ፣ «አማና ነው» አላት፤ «ጎረቤቴን አሳልፌ ሰጥቼ በየትኛው ፊቴ ልሰግድ?» ቂጣውን የማደርሰው እኔ ሆንኩ፤ ውሃ ልትቀዳ የምትወርድን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

በአራተኛው ቀን ስመለስ ወታደሮቹ ሱቁን ሰብረው ዕቃውን ያወጣሉ። አስተርጓሚያቸው፣ ሙሴ ያኒ ዘንድ ሲጋራ ይገዛ የነበረ ለስላሳ ሰው፣ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ከየት ነው የኔ እመቤት?»

«ከባሕሩ» አልኩት። ከወንዝ ማለት እችል ነበር። አፌ የለመደውን ተናገረ።

ሳቀ። «ሮቢት ደግሞ መቼ ባሕር ኖሯት!» ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። ቀሚሴ ጫፍ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ አየ፤ ቀና ብሎ ወደ ወንዙ አየ። ዝም ብሎ ሊያልፈኝ የፈለገ መሰለኝ። አዛዡ ግን ከኋላው መጥቶ ቆሞ ነበር፤ የአስተርጓሚውን ዓይን ተከትሎ ወደ ወንዙ አየና ወታደሮቹን ጠራ።

አባቴ ወታደሮቹ ሲወርዱ አይቶ ከመስጊድ እየሮጠ ተከተላቸው፤ እኔም ሽርጡን ይዤ ተከተልኩ። ሙሴ ያኒን የፊጥኝ አስረው አወጡት። አዛዡ «ማን ነው የደበቀው?» ብሎ በቋንቋው ሲጮህ፣ አስተርጓሚው የአባቴን ትከሻ መታ መታ እያደረገ በጣሊያንኛ መለሰለት፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ «ጠቋሚው እርስዎ እንደሆኑ ነግሬዋለሁ። ለልጅዎ ሲሉ ዝም ይበሉ» አለው። ሙሴ ያኒ ጣሊያንኛ ይሰማል።

«ሁሴን» አለ፤ «አንተ?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ወደ ታች አየኝ። አንገቱን ደፋ።

ለውለታው ብለው ከሱቁ አንድ ኬሻ ስኳር ደጃችን ላይ ጥለውለት ሄዱ። ከተማው ሁሉ አየው። አባቴ አልነካውም፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም፤ ኬሻው ዝናብ እስኪያቀልጠውና ጉንዳን እስኪወርሰው እዚያው ተቀመጠ። የዚያን ዕለት ማታ እያለቀስኩ ያልኩትን ስነግረው ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ «አንቺ አልተናገርሽም» አለኝ፤ «ሰምተሻል? የተናገረ ሰው ካለ አባትሽ ነው።» ከዚያ ወዲያ መስጊድ ውስጥ ከአጠገቡ ያለው ቦታ ቶሎ አይሞላም ነበር። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ጣሊያን ወጣ፤ ሙሴ ያኒ አልተመለሰም። አባቴም ስሙን ሳያጠራ ሞተ፤ እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳ አላጠራሁለትም።

በዚያች መንደር የሙሴ ያኒን እኅት ማግኘት አልከበደንም፤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መረብ ትጠግናለች። ባሌ ወደብ ላይ በለቃቀማት ግሪክኛ አነጋገራት። ወንድሟ ከእስር ወጥቶ አገሩ ገብቶ ነበር፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ስለ ሮቢት ሙቀትና ስለ ወንዙ፣ አሸዋ ስለምትቆፍር ልጅም ያወራ ነበር አለች። «አንድ ወዳጅ ነበረኝ፣ ሸጠኝ» ይልም ነበር።

ልጅቷ እኔ ነኝ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ ብዬ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። መረቡን ከጭኗ ላይ አወረደች። ያለችውን ባሌ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመልኝ፦ «ለእኔስ ነገርሽኝ። ለወንድሜና ለአገርሽ ሰው ማን ይንገርልሽ?»

አገሬ እንደገባሁ ሮቢት ሄድኩ። ለአባቴ ሰላምታ ከነፈጉት ሽማግሎች በሕይወት የቀረ አንድም የለም። መስጊዱ በር ላይ ልጆቻቸውን ሰብስቤ፣ ሁሴን ጎረቤቱን አልሸጠም፣ እኔ ልጁ እመሰክራለሁ አልኩ። ተከባብረው አዳመጡኝ፤ ወንበርም አመጡልኝ። ከጨረስኩ በኋላ አንዱ ጎልማሳ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ፣ ከዚያ በትሕትና ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«እትዬ፣ የትኛው ሁሴን?»