ከ«እንጂ» በኋላ የቀረው

ረቡዕ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። በፈረንጆቹ 2013፣ ግንቦት ወር፣ ካርቱም። ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ እስከ ዛሬ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቴም ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ነግሬያቸው ተመለስኩ። አሁን የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ይህም ራሱ ፍርሃት ነው፤ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ያደረግኩት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

ራሔል ጓደኛዬ ናት። «ነበረች» ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ግን ዛሬም ጓደኛዬ ናት፣ ክፋቱም እሱ ነው። ካርቱም ውስጥ በሐበሻ ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ነበር የምኖረው፤ አባቴ እዚያ መካኒክ ነው። እሷ ከእናቷ ከእትዬ በላይነሽ ጋር ከከተማው ዳር፣ ማዮ ትኖር ነበር፤ ሁለት ሐፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ቀይራ፣ አቧራ ለብሳ፣ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች።

አሥረኛን ስንጨርስ አንዲት መምህራችን ስለ ዲፕሎማው ነገረችን። በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሚሰጥ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፤ ፈተናው ከውጭ ይመጣል፣ ውጤቱን የየትም አገር ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል። የሚማሩት የነጋዴና የኤምባሲ ሰዎች ልጆች ናቸው። ግን በየዓመቱ አንድ ተማሪ አወዳድረው በነፃ ያስገባሉ። አንድ። እኛ የስደተኛ ልጆች ነበርን። የወላጆቻችን አገር ወረቀት የለንም፤ የተወለድንበትም አገር ወረቀት አልሰጠንም። ያ ዲፕሎማ የትም ብንሄድ «ይህች ልጅ ተምራለች» ብሎ የሚመሰክርልን ብቸኛ ነገር ነበር።

ተፈተንን። ራሔል አንደኛ ወጣች፣ እኔ ሁለተኛ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ስሜ ከስሟ ሥር መጻፍን ከለመደ ቆይቷል። አንደኛዋ ትገባለች፣ ሁለተኛዋ ተጠባባቂ ትሆናለች። የቀረው ወላጅን ማነጋገር ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ራሔል እጄን ያዘችኝ።

«ነገ ለእማዬ አንቺ አስተርጉሚላት። እኔን ተማሪ አይገባም ብለውኛል።»

«እኔ? እኔስ ተማሪ አይደለሁ?»

«ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? ባለሱቁን ሐሰንን? አንቺ ዓረብኛሽ ከሱዳኖቹ ይበልጣል። ደግሞ አትጨምሪም፣ አትቀንሺም።»

አትጨምሪም፣ አትቀንሺም። የምታውቀኝ እንዲህ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ባሕሪ ብስኩት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ዓረብኛዋ ቲማቲም ለመግዛት ይበቃል፤ ለኃላፊ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አይበቃም። ረቡዕ ዕለት ከሥራ አስፈቅዳ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። የፕሮግራሙን ኃላፊ ሁላችንም «ኡስታዛ» ነበር የምንላት፤ መምህርት ማለት ነው። ኡስታዛ እኔን ስታይ ትንሽ አመነታች። ተጠባባቂዋ እኔ መሆኔን ታውቃለች። «ሌላ ሰው የላችሁም?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄውን ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳት።

«ሌላ ሰው ምን ያደርግልኛል? ይቺም ልጄ ናት በያት» አለችኝ።

ይህን በትክክል ተረጎምኩት። ኡስታዛ ፈገግ አለችና መዝገቧን ከፈተች።

ልጅቷ ስንት ሰዓት ታጠናለች? መብራት አለ ወይ? እቤት ሥራ የምታግዘው ማንን ነው? ሁሉንም ተረጎምኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከዚያ ኡስታዛ እስክሪብቶዋን አነሳችና እንዲህ አለች፦ «ሁለቱን ዓመት ሙሉ እዚሁ ካርቱም ትኖራለች? መሃል ላይ ጥላ የምትሄድ ከሆነ ቦታው ይባክናል፤ ለሌላ ልጅ እንሰጠዋለን።»

እዚህ ላይ ስለ «ፕሮሰስ» ልንገራችሁ። ካርቱም ውስጥ ስደተኛ ሐበሻ ሁሉ ፕሮሰስ ላይ ነው። ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ የሚወስደው ፋይል የሆነ ቢሮ ውስጥ አለው፤ ወይም አለው ይባላል። በፕሮሰስ ምክንያት ፍሪጅ የማይገዛ ቤተሰብ አውቃለሁ። ልጆች በፕሮሰስ ላይ ተወልደው፣ በፕሮሰስ ላይ ፊደል ቆጥረው ጢም ያወጣሉ። ሰው ሲገናኝ «ፕሮሰስ እንዴት ነው?» ይባባላል፤ መልሱ «ኢንሻአላህ» ነው። ሰላምታ ነው እንግዲህ። ይህን ኡስታዛ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ።

እትዬ በላይነሽ ጥያቄውን ስነግራት ሳቀች። «ፕሮሰስ ላይ ናችሁ ይሉናል እንጂ የት እንሄዳለን ብለሽ ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልደወለልንም። እንኳን ሁለት ዓመት፣ እዚሁ ነው የምናረጀው በያት።»

ወደ ኡስታዛ ዞርኩ። «ፕሮሰስ ላይ ናቸው» አልኳት በዓረብኛ። «ወደ ውጭ ለመሄድ።»

እዚያ ላይ ቆምኩ። «እንጂ» ላይ ደረስኩና ቆምኩ።

አማርኛ የምታውቁ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ፤ ከ«እንጂ» በፊት ያለው የሚጣለው ነው፣ እውነቱ ከኋላው ነው የሚመጣው። እኔ የሚጣለውን ሰጥቼ እውነቱን አስቀረሁ። አንድ ቃል አልፈጠርኩም። ያልኩት ሁሉ እትዬ በላይነሽ ያለችው ነው። ስንት ዓመት በዚህ ተጽናናሁ መሰላችሁ! አልዋሸሁም፣ አልዋሸሁም፣ አልዋሸሁም እያልኩ። ያልዋሸ ሰው ስንት ጊዜ ነው «አልዋሸሁም» የሚለው?

ደንግጬ ነው? አይደለም። ረስቼው ነው? ይኸው ዛሬም ቃል በቃል እነግራችኋለሁ። ኡስታዛ እስክትጽፍ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። እስክሪብቶዋ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁት፤ መስመሩን ጨርሳ ነጥብ ስታደርግ አየሁ። እትዬ በላይነሽ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ነገሩ ያለቀ መስሏት፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። አመስጋኝነቷ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ለራሔል ደብዳቤ ደረሳት። ውጤቷን አመስግነው፣ ሁለቱን ዓመት እዚህ መቆየቷ ስላልተረጋገጠ ቦታው ለተጠባባቂዋ እንደተሰጠ ጽፈዋል። ማዮ ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ባልሄድ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። እትዬ በላይነሽ መደቡ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች።

«ምን ጎድሎብኝ ፕሮሰስ የሚል ቃል ከአፌ አወጣሁ? ምላሴን በቆረጠው!»

«እማዬ ፕሮሰስ ሳትል ውላ አታድርም እኮ» አለች ራሔል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን እኔን ልታስቀኝ ትሞክራለች። «ለዶሮ ሻጩም ትነግረዋለች። ‹ፕሮሰስ ላይ ነንና ትንሽ ቀንስልን› ትለዋለች።»

«የት እንሄዳለን ብያትም ነበር እኮ» አለች እናቷ ወደ እኔ ዞራ። «ነግረሻት ነበር አይደል፣ ልጄ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያው አላመነችኝም» አለች።

ያን ራስ መነቅነቅ የት ላድርገው? ኡስታዛ ፊት የቀረውን ግማሽ ጥፋት እዚያ መደብ ፊት ሞላሁት። ሴትየዋ የራሷን ምላስ እየረገመች፣ ተናግራ ያልታመነች መስሏት ኖረች። እንዳትታመን ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ዲፕሎማውን ተማርኩ። ጥሩ ተማሪ ነበርኩ፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። አንድ ትምህርት ነበረን፤ የምናውቀውን ነገር እንዴት እንዳወቅነው የምንጠይቅበት። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ከትምህርቱ ጋር ኅብረተሰቡን በነፃ ማገልገልም ግዴታ ነበር። እኔን የት መደቡኝ? ማዮ፣ ክሊኒክ፣ ለሐበሻ እናቶች አስተርጓሚ። ዶክተሩ «ይህች ልጅ አንዲት ቃል አትዘልም» ብሎ ጻፈልኝ። ያ ወረቀት ዛሬም ቤቴ አለ። ከዚያ በዲፕሎማው ውጤት እዚሁ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ጨረስኩ።

ራሔል «እስከዚያው» ብላ እናቷ ፋብሪካ ገባች። እስከዚያው ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ማንም አልደወለላቸውም። የዲፕሎማዬ ሁለት ዓመት አልቆ፣ የዩኒቨርሲቲዬ አራት ዓመት አልቆ፣ እነሱ እዚያው ማዮ ናቸው፤ እትዬ በላይነሽ እንዳለችው፣ እኔ እንዳልተረጎምኩት። ስሄድ ራሔል ከበር ላይ ትጮሃለች፦ «ኑ ኑ፣ ዲፕሎማ መጣች!» ለጎረቤት ታስተዋውቀኛለች። «እሷ ናት፣ አብረን የተፈተንነው» ትላለች፤ አንደኛ የወጣችው ማን እንደሆነች አትናገርም። ትኮራብኛለች። ምነው ብትጠላኝ! ምነው አንድ ቀን ብትጠረጥረኝ!

ለምን አልነግራትም? ንግግሬን አዘጋጅቼ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በሯ ላይ ስደርስ ግን ዲፕሎማ እሆናለሁ። ይቅርታዋን አልፈራም። ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። የምፈራው ለእናቷ የምትነግርበትን ሰዓት ነው። ይህን ጽሑፍም እሷ አታነበውም ብዬ ነው የምጽፈው፤ ብታነበው ደግሞ እወዳለሁ። ከሁለቱ የትኛው እውነቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሰምቶ የሚያዝንልኝ ይኖር ይሆናል። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ዓይን አፋር ናት፣ አፏ ተይዞባት ነው የሚል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ቀን፣ የሐሙስን ጠዋት ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማለዳ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ብዙ ቆምን። የቀረውን ግማሽ በዓረብኛ በልቤ እደጋግመው ነበር፤ ስለዚህ ላርመው ነው የሄድኩት ብል ውሸቱ ግማሽ ነው። ግን ቦርሳዬ ውስጥ አራት ጉርድ ፎቶ ይዣለሁ። እውነት ሊናገር የሚሄድ ሰው ጉርድ ፎቶ ይይዛል?

ኡስታዛ ብቻዋን ነበረች። «ጥሩ መጣሽ፣ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር» አለችኝ። «ትናንት ሴትየዋ ብዙ ነበር የተናገረችው፤ አንቺ ያልሽኝ ግን አጭር ነው። የቀረ ነገር አለ?»

በጥያቄዋ በሩን ከፍታ ያዘችልኝ። መግባት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የቀረው ነገር ምላሴ ላይ ነበር፤ በዓረብኛ፣ ተዘጋጅቶ።

«የለም፣ ኡስታዛ» አልኳት። ያ አልበቃኝም። እኔ፣ ሰው ፊት ቀልጄ የማላውቀው፣ ቀለድኩ። «አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው።»

ከልቧ ሳቀች። መዝገቧን ሳበችና አንድ ስም ላይ መስመር አሰመረች።

«እንግዲህ ያላ፣ ሳምንት ስንጠራሽ ፎቶ ይዘሽ ትመጫለሽ» አለችኝ።

«ይዣለሁ» አልኳት፤ አራቱንም አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኳቸው።